ዳንሸን፦ መቀቀል ወይስ በአልኮል መዘፍዘፍ?

ዳንሸን በቻይና ኮረብታዎች ላይ በዱር የሚበቅል፣ ለዓመታት የሚቆይ የሳልቪያ ዝርያ ነው፤ ከበሶብላና ከጦስኝ ጋር ይዛመዳል። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀይ ሥሩ ነው።

በሥሩ ውስጥ ያሉት ሳልቪያኖሊክ አሲዶች በውኃ ይሟሟሉ። ቀዩን ቀለም የሚሰጡት ታንሺኖኖች ግን ውኃ እምብዛም አያወጣቸውም፤ አልኮል ይፈልጋሉ።

ለሚቀቀለው፣ የቻይና ፋርማኮፒያ (የአገሪቱ ይፋዊ የመድኃኒት መመሪያ መጽሐፍ) የሚያዘው በቀን ከ10 እስከ 15 ግራም የተከተፈ ደረቅ ሥር ነው። ግማሽ ሰዓት በቀዝቃዛ ውኃ ከተዘፈዘፈ በኋላ፣ ሲፈላ እሳቱ ተቀንሶ ቀስ ብሎ ይንተከተካል። ለሰዓታት ማፍላት ያበላሸዋል፤ ሳልቪያኖሊክ አሲድ ቢ በሙቀት ይፈርሳል። አብዛኛው ታንሺኖን ደግሞ ከአተላው ጋር ይደፋል።

በአልኮል ሲሆን ሥሩ ይፈጫል፤ አልኮሉም ጠንካራ መሆን አለበት፣ ቀላል ወይን ታንሺኖኑን በደንብ አያወጣም። ብርሃን ስለሚጎዳው በጥቁር ጠርሙስ ይቀመጣል። የቅቅሉን ግራም እንዳለ ወደዚህ ማዛወር ስሕተት ነው፣ የሚወጣው ነገር የተለየ ነውና። ስለዚህ በባህሉ መጠን ለሚሄድ ሰው ቅቅሉ ይሻላል።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሁለቱንም ይተው! ዳንሸን የመድኃኒቱን ኃይል ጨምሮ ደም ሊያፈስ ይችላል።