«ሊንኩን ስትነኩት አፑ ይከፈታል» ተብሎ ለሚሸጥላችሁ የቲኬት ሲስተም ቶሎ አትክፈሉ

ጎንደር ውስጥ ሆቴል፣ ክሊኒክ ወይም የአስጎብኚ ድርጅት ያላችሁና የብልሽት ወይም የቅሬታ መከታተያ (የቲኬት) ሲስተም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

አሻሻጡ እንዲህ ነው። ሻጩ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣና በብራውዘር የሚሠራ የቲኬት ሲስተም ይከፍታል። «ክፍል 204፣ ቧንቧ ያፈሳል» የሚል ቲኬት (የብልሽት ማስታወቂያ) ውስጥ ያለውን ሊንክ ሲጫን የጥገናው አፕ በዚያው ክፍል መዝገብ ላይ ብቅ ይላል። ይህ «ለእናንተ ብቻ የተሠራ የአፕ ሊንክ» ይባልና ለብቻው ዋጋ ይጠራበታል። ያያችሁት ውሸት አይደለም። ግን ሥራውን የሠራው የሻጩ ላፕቶፕ እንጂ ሲስተሙ አይደለም።

ማንኛውም ሊንክ ከሁለት ነጥቡ በፊት የመጥሪያ ስም አለው፤ ባለሙያዎች ስኪም ይሉታል። ስሙ ኤችቲቲፒኤስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ብራውዘሩ ራሱ ይከፍተዋል። ሌላ ከሆነ ግን ስሙን የሚያውቅ አፕ መኖሩን ኮምፒውተሩን ወይም ስልኩን ይጠይቃል። ዊንዶውስ ላይ ስሙ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ውስጥ መግባት አለበት። አንድሮይድ ላይ ደግሞ አፑ ገና ሲሠራ ያን ስም እንደሚቀበል ተጽፎበት መውጣት አለበት። ሻጩ በራሱ ላፕቶፕ አስመዝግቦታል፤ የእናንተ እንግዳ መቀበያ ኮምፒውተር ግን ስሙን ሰምቶት አያውቅም። ስለዚህ ሠራተኛችሁ ሲጫነው ዝም ይላል፣ ወይም የስህተት ገጽ ይመጣል። ከዚሁ ጋር አብሮ መታወቅ ያለበት፣ የቲኬት ሲስተም ሌላውን አፕ ሊንክ ተቀባይ ሊያደርገው አይችልም። «ፒችትሪያችሁን (የሒሳብ ሶፍትዌራችሁን) ከቲኬቱ ላይ እንከፍተዋለን» የሚል ካለ «በየትኛው የመጥሪያ ስም?» ብላችሁ ጠይቁትና መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ሲስተሙ ራሱ ብዙ ጊዜ ሬድማይን ወይም ማንቲስ ሆኖ ሎጎው ብቻ ተቀይሮ ይቀርባል። ሁለቱም ያለክፍያ የሚወርዱ፣ ኮዱን ማንም እንዲያይና እንዲያሻሽል በሚፈቅደው በጂፒኤል ፈቃድ የሚሰራጩ ናቸው። ለተከላ፣ ለሥልጠና፣ ለጥገና ማስከፈል ነውር የለውም። በተጠቃሚ ቁጥር «የላይሰንስ» ክፍያ መጠየቅና አሻሽዬዋለሁ ያሉትን ኮድ መከልከል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ፈቃዱ ፕሮግራሙን ለተቀበለ ሰው ኮዱም እንዲሰጠው ያዛል።

ዋናው አደጋ ግን ሊንኩ እንዴት «እንደተሠራ» ነው። ብዙዎቹ የቲኬት ሲስተሞች ቲኬት ላይ የሚጻፉ ሊንኮችን ያጣራሉ፤ ማንም ሰው ጃቫስክሪፕት (ብራውዘር የሚፈጽመው የፕሮግራም ትእዛዝ) ሊንክ አስመስሎ እንዳያስገባ ነው። የቸኮለ ሻጭ የሲስተሙን ዋና ፋይል ከፍቶ ማጣሪያውን ያነሳዋል። ከዚያ በኋላ የእንግዶች ቅሬታ ቅጽ የሞላ ማንኛውም ሰው ሊንክ ሊያጠምድ ይችላል፤ አስተዳዳሪው ሲጫነው ትእዛዙ በአስተዳዳሪው ሥልጣን ይፈጸማል። በዚህ ላይ ሲስተሙ አፕዴት ሲደረግ የተነካው ፋይል በአዲስ ይተካና ሊንኮቹ በሙሉ ይሞታሉ። ያኔ ሻጩ «አፕዴት አታድርጉ» ይላል። እንግዲህ የደህንነት ጥገና የማያገኝ ሲስተም በገንዘባችሁ ገዛችሁ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ በተለየ ፕለጊን (ሲስተሙ ላይ የሚጨመር ተቀጥላ ፕሮግራም) አንድ የመጥሪያ ስም ብቻ ወደተፈቀዱት ዝርዝር መጨመር ነው።

ስለ አማርኛ ማንም ሻጭ አያነሳም። የመጥሪያ ስሙ በላቲን ፊደል ብቻ ይጀምራል፤ ከዚያ ፊደል፣ ቁጥር፣ መደመር፣ ሰረዝና ነጥብ ይፈቀዳል። የግዕዝ ፊደልም የታች ሰረዝም አይገባም። ከስሙ በኋላ የሚመጣው አማርኛ ደግሞ ሊንክ ውስጥ ሲገባ አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። የሊንኩ ሳጥን 255 ምልክት ብቻ የሚይዝ ከሆነ 28 ፊደል ላይ ሞላ፤ የደንበኛው ስም ከአያቱ ጋር ሲጻፍ ሊንኩ መሐል ላይ ይቆረጣል። አራት ነጥብ ከሊንኩ ጋር ተጣብቆ ሲጻፍም ሲስተሙ የሊንኩ አካል አድርጎ ሊውጠው ይችላል። መፍትሔው ሊንኩ ውስጥ ስም ሳይሆን የመዝገብ ቁጥር ብቻ ማስገባት ነው።

ቲኬቱ ላይ የሠራው ሊንክ ማሳወቂያው ላይም ይሠራል ብላችሁ አትመኑ። ጂሜይል እንግዳ የመጥሪያ ስም ያለውን ሊንክ ያወልቀዋል፤ የቴሌግራም ቦት ቁልፍም አይቀበለውም። ጠንካራው አማራጭ በራሳችሁ ዶሜይን (የድረ ገጽ ስም) የሚጀምር፣ ከአፑ ጋር የተዛመደ የኤችቲቲፒኤስ ሊንክ ነው። አንድሮይድ አፑንና ዶሜይኑን የሚያዛምደው ሰርቨሩ ላይ በተቀመጠ የማረጋገጫ ፋይል ነው፤ ፋይሉ የአፑን የፊርማ አሻራ (አፑ በየትኛው ቁልፍ እንደተፈረመ የሚያሳይ መለያ) ይይዛል። እዚህ ላይ የተለመደ ስህተት አለ፦ አፑ በፕሌይ ስቶር ሲወጣ የሚፈረመው ጉግል በያዘው ቁልፍ ሊሆን ይችላል፤ ገንቢው የራሱን አሻራ ካስገባ ማረጋገጫው ይወድቃል። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ ያልተረጋገጠ ሊንክ አፑን ትቶ ብራውዘር ላይ ይከፈታል። «ፋየርቤዝ ዳይናሚክ ሊንክ እናስገባለን» የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ይህ የጉግል የአፕ ሊንክ አገልግሎት ነሐሴ 19 ቀን 2017 ተዘግቷል። ጂራ የተባለውን የቲኬት ሲስተም የሰርቨር ቅጂ የሚያቀርብላችሁንም እለፉት፤ የአምራቹ ድጋፍ የካቲት 7 ቀን 2016 አብቅቷል።

ከመክፈላችሁ በፊት የሩብ ሰዓት ፈተና ይበቃል። የሻጩ ላፕቶፕ ይዘጋ። የእናንተ ሠራተኛ በራሱ ስልክ፣ ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ፣ ሊንኩን ከቲኬቱ፣ ከኢሜይሉና ከቴሌግራሙ ይጫነው። ሊንኩ ውስጥ 192.168 የሚል ቁጥር ካለ አድራሻው የቢሮው ውስጥ ብቻ ነው፤ ፒያሳ ያለው ቢሮ ይከፍተዋል፣ አዘዞ ያለው ሠራተኛ አይከፍተውም። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ክሮም ሊንኩን በተጫናችሁ ቁጥር ፈቃድ ከጠየቀና «ሁልጊዜ ፍቀድ» የሚለው ሳጥን ካልመጣ፣ ሰርቨሩ በኤችቲቲፒኤስ አልተዋቀረም ማለት ነው። ከዚያ ሙከራ ላይ ሳላችሁ አፕዴት አስደርጉትና ሁሉንም ድገሙ። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል። በጥምቀት ሰሞን ሆቴሉ ሞልቶ ሊንኩ ቢሞት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ውሉም ላይ ጠንቀቅ በሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ለድርጅት የሚገዛ በዚያ አዋጅ ላይ መደገፉ ያዳግተዋል። ስለዚህ መብታችሁ የሚቆመው በውሉ ቃል ነው። «የአፕ ሊንክ ድጋፍ» የሚል ባዶ ሐረግ አትፈርሙ። የትኛው አፕ፣ በየትኛው የመጥሪያ ስም፣ በስንት ኮምፒውተርና ስልክ ላይ እንደሚመዘገብ፣ አዲስ ኮምፒውተር ሲገባ ማን እንደሚያስመዘግብ፣ የፕለጊኑ ኮድና የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በርክክቡ ዕለት እንደሚሰጥ ይጻፍ። የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ ከመጀመሪያው አፕዴት በኋላ ሊንኩ በእናንተው ስልክ ሲከፈት እንዲፈጸም አድርጉት።