ፔንቴል ፖኬት ብራሽ ፔን፦ እጅ እምቢ ሲል

በሳምንት አንድ ቃል እየተሰጣችሁ የምትስሉ ሰዎች ታውቁታላችሁ፣ ሰኞ ቃሉን ስታዩ ሃሳብ ይጎርፋል፣ ሐሙስ ላይ አንዱም አያምርም፣ እሁድ ማታ ወረቀቱ ባዶ እናንተ ደሞ ስልክ ላይ የሰው ስራ እያያችሁ "እኔማ አልችልም" ትላላችሁ። እኔ እዛ ላይ ተቸክዬ ነበር፣ ያወጣኝ ምክር ምናምን ሳይሆን እቃ ነው፣ ይሄ ብዕር።

በብዕር ቀለም ብቻ መሳል የሚለውን ጄክ ፓርከር የሚባል አሜሪካዊ ሰዓሊ ነው እ.ኤ.አ በ2009 ኢንክቶበር ብሎ የጀመረው፣ ኦክቶበርን ሙሉ 31 ስዕል ማለት ነው። ስራ ላለው ሰው ከባድ ነው፣ በሳምንት አንድ የሆነው ኢንክቶበር 52 ይሻላል፣ እኔና ጓደኞቼም በሱ ዓይነት ነው የምንሄደው፣ ቃሉን ግን ራሳችን በአማርኛ እናወጣለን።

ወደ ብዕሩ ልምጣ። ጫፉ እንደ ማርከር ደረቅ ነገር አይደለም፣ ናይለን ቢሆንም የምር ብሩሽ ነው፣ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይታያል። ቀለሙ በካርትሪጅ፣ ማለትም ቀለም በተሞላ ትንሽ ቱቦ፣ ስለሚገባ ጠርሙስ ይዞ መዞር ቀረ። በደንብ ከደረቀ ደሞ ውሃ አይነካውም፣ ከላይ የውሃ ቀለም ብትቀቡበት አይለቅም። ዋናው ነገር ግን የሰራችሁት በላጲስ አይጠፋም! በእርሳስ ስሰራ ግማሹ ሰዓት በላጲስ ነው የሚያልቀው፣ ጆሮ ሰርቼ አጠፋለሁ፣ እንደገና ሰርቼ አጠፋለሁ፣ ከዛ ይደክመኛል። የብራና ጸሐፊ እንኳን ሲስት በቢላ ፋቅ ያደርጋል፣ እዚህ እሱም የለ።

"ሸክም" የሚለው ቃል የደረሰን ሳምንት ምንም አልመጣልኝም ነበር፣ በመጨረሻ መርካቶ ሁሌ የምናየውን የስፖንጅ ፍራሽ ተሸካሚ ያዝኩ፣ ፍራሹ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ሰውየው ከወገብ በላይ የማይታየውን። ብዕሩን አጋድሜ ጫን ስል የፍራሹ ጠርዝ በአንድ ምት ወጣ፣ በጫፉ ብቻ ነካ ነካ ሳደርግ የእግሩ ደም ስር መጣ። መሃል ላይ ያላሰብኩት ወፍራም መስመር ሲሄድብኝ ገመድ አደረግኩትና ቀጠልኩ፣ ምን ምርጫ አለኝ። ሻካራ ወረቀት ላይ ፈጠን አርጋችሁ ስትጎትቱት የሚተወው ጭረት ጭረት ነገር ደሞ ለአቧራ፣ ለጋቢ፣ ለጎፈሬ የሚገርም ነው።

አሁን መጥፎ መጥፎው። ለስላሳ ወረቀት ላይ ቶሎ አይደርቅም፣ ግራኝ ከሆናችሁ እጃችሁ ሁሉንም ይጠርገዋል። ወረቀትም ይመርጣል፣ ከአንድ ሰፈር የጽሕፈት መሳሪያ ቤት "የስዕል ነው" ተብዬ የገዛሁት ደብተር ላይ ቀለሙ በጀርባ ወጥቶ ሶስተኛው ገጽ ድረስ ደረሰ፣ ደብተሩን ለገበያ ሊስት አረግኩት። ለፊት ዝርዝር፣ ለዓይን ለጣት፣ መጀመሪያ አካባቢ ያናድዳል፣ እጅ እስኪለምድ ቀጭን ላይነር፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ የስዕል ብዕር፣ አጠገባችሁ ይኑር። በማስመሪያ የሚሰራ፣ ህንጻ ምናምን የሚወድ ሰው ባይገዛው ይሻለዋል።

እዚህ አዲስ አበባ እኔ ፈልጌ አላገኘሁትም፣ አክስቴ ከዲሲ ስትመጣ ነው ያመጣችልኝ። ሰው የምትልኩ ከሆነ ብዕሩን አንድ፣ ካርትሪጁን ግን በዛ አርጋችሁ አስመጡ፣ ጥቁር በጥቁር የምትሞሉ ከሆነ ቶሎ ነው የሚያልቀው።