ከባሕር ዳር ወደ ውጭ፦ አንድ የተያያዘ ትኬት ወይስ ሁለት?

በአዲስ አበባ በኩል ዱባይ ደርሶ መልስ ለሚሄድ ሰው ሁለት መንገድ አለ፤ ከባሕር ዳር ጀምሮ በአንድ ትኬት መቁረጥ፣ ወይም የአገር ውስጡንና የዱባዩን ለየብቻ መግዛት።

የተያያዘው ትኬት ዋጋ የሁለቱ በረራዎች ድምር አይደለም፤ ከመነሻ እስከ መድረሻ የራሱ ታሪፍ አለው። ስለዚህ አንዳንዴ ይረክሳል፣ አንዳንዴም ይወደዳል። ሁለቱንም አስጠይቁ፤ ታክሱ የተደመረበትን ጠቅላላ ዋጋ አወዳድሩ።

ትልቁ ልዩነት የሚወጣው የባሕር ዳሩ በረራ ዘግይቶ የዱባዩ ያመለጣችሁ ቀን ነው። በአንድ ትኬት ከሆነ በሚቀጥለው በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ግዴታ ነው። በሁለት ትኬት ግን የዱባዩ «ኖ ሾው» (ተሳፋሪው አልቀረበም) ተብሎ ይመዘገባል፤ ቅጣቱ ከእናንተ ኪስ ይወጣል፣ እንደ ታሪፉ ሕግ ገንዘቡ ጭራሽ ላይመለስም ይችላል። ሻንጣም እንዲሁ ነው። በተለያየ ትኬት ቦሌ ላይ ተረክባችሁ እንደገና ማስመዘን ሊኖርባችሁ ይችላል፤ የአገር ውስጡ ትኬት የሚፈቅደው ኪሎ ካነሰ ደግሞ ገና ባሕር ዳር ላይ የትርፍ ኪሎ ትከፍላላችሁ። ሻንጣው ላይ የሚታሰረውን ታግ ሳታዩ ከካውንተሩ አትራቁ፤ የመጨረሻው የአየር ማረፊያ ኮድ የዱባይ መሆን አለበት።

የተያያዘውም ወጥመድ አለው። «አዲስ አበባ በመኪና እደርሳለሁ» ብላችሁ የመጀመሪያውን በረራ ብትዘሉት፣ የዱባዩም የመልሱም ይሰረዛል።

ትኬቱ አንድ መሆኑን በ13 አሃዙ ቁጥር አረጋግጡ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ በ071 ይጀምራል። አንድ ቁጥር እስከ 4 በረራ ስለሚይዝ ይህ ጉዞ ሙሉ በሙሉ ይገባበታል።

አዲስ አበባ የሚያድር ሰው ሁለት ቢቆርጥ አይከፋም። በዚያው ቀን ለሚያልፍ ግን የተያያዘውን እንመክራለን።