ባለ 21 ማርሽ ማውንቴን ባይክ ከወራት በኋላ፦ ያሰቃየኝ ማርሹ ሳይሆን የተሰቀለባት ቁራጭ ናት

ሳይክሏን ከግንቦት ጀምሮ እየነዳኋት ነው። ከአራት ኪሎ፣ ስታዲየም አካባቢ ወዳለው ሥራዬ ጠዋት እወርዳለሁ ማታ እወጣለሁ። ፍሬኑ ይይዛል፣ ፍሬሙ ጠንካራ ነው፣ ኮብልስቶን ላይም አታስቸግርም፣ በዚህ በኩል ሌላ የምለው የለኝም። የምጽፈው ስለ ማርሹ ነው።

ጠዋት ቁልቁለት ስለሆነ ምንም አይታወቅህም። ማታ ግን ከብሔራዊ ቴአትር ተነስተህ ቸርችልን ስትወጣ፣ ጥቁር አንበሳ ጋ ስትደርስ ይከብድህና ወደ ቀላሉ ማርሽ ልቀይር ትላለህ፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች፣ ባቄላ የሚቆላ ይመስል ቀጭ ቀጭ ቀጭ ስትል ትቆይና በራሷ ሰዓት ዘላ ትገባለች፣ እግርህ ባዶ ይመታል፣ ከኋላህ ሚኒባሱ ክላክሱን ይለቀዋል።

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚልህ "ካቮው ላልቶ ነው" ነው። እውነት ነው፣ ካቮ ማለትም ማርሹን የሚስበው ሽቦ አዲስ ሲሆን በመጀመሪያው ሰሞን ላላ ይላል፣ ካቴናውን ከማርሽ ወደ ማርሽ የሚያሻግረው የኋላው ዲሬይለር ጋ ካቮው የሚገባበት ላይ ያለችውን በእጅ የምትዞር ነገር ወደ ግራ ግማሽ ዙር ብታዞራት ይወጠርልሃል፣ ካቴናው ወደ ትልቁ ማርሽ አልወጣም ሲል መድኃኒቱ እሱ ነው። አዞርኩ። ለትልልቆቹ ተስተካከለ፣ ለትንንሾቹ ተበላሸ። መለስኩት፣ ተገላቢጦሽ ሆነ።

አንድ ጠጋኝ ጋ ስወስዳት ካቻቪቴ አውጥቶ ኤች እና ኤል የተጻፈባቸውን ሁለት ብሎኖች መጎርጎር ጀመረ። ወንድሜ እነሱ እኮ ካቴናው ከትንሿ ማርሽ ውጪ እንዳይወድቅ፣ በትልቋ በኩል ደግሞ ጎማው ሽቦ ውስጥ እንዳይገባ የሚገድቡ ናቸው፣ መሀል ላይ ለሚንገጫገጭ ማርሽ ምንም አይፈይዱም! ኤሏን ለቆብኝ ኖሮ ማታ ቴዎድሮስ አደባባይ ጋ ዲሬይለሩ የጎማውን ሽቦ ክር ክር ክር ሲያደርግ ሰማሁና ወርጄ እየገፋኋት ገባሁ። ሌላው ጠጋኝ ደግሞ ካቴና ቀይር አለኝ። ካቴና መለካት እንደሆነ ቀላል ነው፣ ከፒን እስከ ፒን 12 ኢንች ትለካለህ፣ አዲስ ከሆነ ልክ ይገጥማል፣ በ1/16 ኢንች ካለፈ አልቋል። የኔ ምንም አልሆነም።

ነገሩ የተገኘው ፒያሳ አካባቢ ሳይክል የሚሠራ ልጅ ጋ ነው። ምንም ሳይነካ ከኋላዋ ቁጢጥ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየና "ሃንገሩ ታጥፏል ጋሼ" አለኝ። ሃንገር ማለት ዲሬይለሩ ፍሬሙ ላይ የሚሰቀልባት ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት፣ ሆን ተብሎ ለስላሳ ተደርጋ ነው የምትሠራው፣ ሲመታ እሷ ትታጠፍና ፍሬሙ ይተርፋል። ካቴናው የሚዞርባቸው ሁለቱ ትንንሽ ጥርሳሞች ከላይ ካለው ማርሽ ጋር አንድ መስመር መሆን ሲገባቸው የኔ የታችኛዋ ወደ ጎማው ገባ ብላለች። ለካ ለዛ ነው አንዱ ሲስተካከል ሌላው የሚበላሸው። ልጁ ዲሬይለሩን ፈታ፣ የሌላ ሳይክል የኋላ ጎማ አምጥቶ የአክስሉን (የመሀል ብረቱን) ጫፍ ሃንገሩ ቀዳዳ ውስጥ አሰረው፣ ሁለቱ ጎማዎች ጎን ለጎን ቆሙ፣ ከዛ በመሀላቸው ያለውን ክፍተት ከላይ ከታች ከፊት ከኋላ በማስመሪያ እየለካ ቀስ እያለ ሳበው። ያን ቀን ማታ ቸርችልን ስወጣ ማርሹ ጠቅ እያለ ገባ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ማን አጠፈው? የሸጡልኝ ልጆች ናቸዋ! ሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ በማርሹ በኩል አስተኝተው በገመድ ጠፍንገው ያሰሩት እነሱ ናቸው። ቅያሪ ሃንገር ስጡኝ ብል ደግሞ የለም፣ አንዱ ለሌላው አይሆንም፣ በየፍሬሙ ቅርጹ ይለያያል። አሉሚኒየም ደግሞ አንዴ ታጥፎ ከተቃና ይደክማል፣ ስለዚህ የሚቀጥለው ምት ላይ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ሻጩ አሁንም "21 ማርሽ እኮ ነው ያላት" ይለኝ ይሆናል። 21 በወረቀት ነው ጌታዬ። የኔ የፊቱ 24፣ 34 እና 42 ጥርስ ነው፣ የኋላው ሰባቱ ከ14 እስከ 28። 42ን ከ28 ጋር አድርገህ ንዳ፣ 24ን ከ16 ጋር አድርገህ ንዳ፣ የፊቱን ጥርስ ለኋላው ስታካፍል ሁለቱም 1.5 ነው የሚመጣው፣ ያው አንድ ማርሽ ሁለቴ ቆጥረህልኛል ማለት ነው፣ የመጀመሪያው ደግሞ ካቴናውን ስለሚያጣምም መነዳትም የለበትም። ከምትቆጥርልኝ አንድ ሃንገር ብትጨምርልኝ ምን ነበረበት?

ትሸጣታለህ ወይ ላላችሁኝ፣ አልሸጥም፣ ዛሬ ማርሹ ስለገባልኝ ደስ ብሎኛል፣ ባለፈው ወር ብትጠይቁኝ ግን በግማሽ ዋጋ እሰጣችሁ ነበር። ልትገዙ የምትሄዱ ከሱቁ ሳትወጡ ከኋላዋ ቁጢጥ ብላችሁ እዩ፣ ጠማማ ከሆነ እዛው ያቃኑት፣ መኪና ላይ ሲጭኑላችሁ ደግሞ ማርሹ ወደ ላይ ይሁን በሉ፣ ቢቆጡም ይቆጡ።