የእማዬ ፊት ያለበት ቴምብር

ደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት ሄጄ ሳጥኔን ስከፍት አንድ ነጭ ፖስታ አገኘሁ። አድራሻው በእህቴ እጅ የተጻፈ ነው። ከላይ ጥጉ ላይ ግን እማዬ አለች! ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፀሐይ ዓይኗን እየወጋት፣ ፈገግ ብላ። እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ በምትኖርበት አገር ማንም ሰው የራሱን ፎቶ ልኮ ቴምብር ማሠራት ይችላል። እሷም ለወላጆቻችን መታሰቢያ ይሁን ብላ ሁለት ጊዜ አዘዘች፣ ፎቶውን የላክሁላት እኔ ነኝ። ውጭ ያለ ዘመድ እንዲያዝዝላችሁ የምታስቡ ካላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የላክሁት የአባባን ፎቶ ነበር። መንዝ፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ጥቁር ባርኖሳቸውን ደርበው ቆመዋል፣ ከኋላቸው የድንጋዩ ግድግዳ አለ። ስልክ ላይ ሲያዩት ግሩም ፎቶ ነው። ቴምብሩ ላይ ግን ባርኖሱና ግድግዳው ተዋህደው አንድ ጥቁር ነገር ሆኑ፣ ፊታቸውም የባቄላ ፍሬ እንኳ አላከለም፣ እኔ ልጃቸው ለይቼ ያወቅሁት በዱላቸው ነው። አንዱ ሉህ 20 ቴምብር አለው፣ ሃያውም እንደዚያው ወጣ። እህቴ በጣም አዘነች። አታሚው ግን ምንም አላጠፋም፣ የላክንለትን ነው ያተመው። ያን ሁሉ ደጃፍና ግድግዳ እንዲያች ባለች ቁራጭ ወረቀት ላይ ማስገባት አይቻልም።

ሁለተኛውን በደንብ አሰብንበት። እማዬን ከቤት አውጥቼ ሰማዩን ከኋላዋ አድርጌ፣ ፊቷንና አንገቷን ብቻ ከቅርብ አነሳኋት። ውጤቱ ሌላ ነው። የማተቧ ክር ይታያል። አንገቷ ላይ ያለው ንቅሳት መስመር በመስመር ይለያል። ከዓይኗ ጥግ የሚወጡት ሽብሽቦች እንኳ አልጠፉም። የሕትመቱ ጥራት በጣም ነው ያስደሰተኝ፣ ቀለሙም የእማዬን መልክ አላነጣውም፣ እሱን ፈርቼ ነበር። ወረቀቱ ተለጣፊ ስለሆነ ምራቅ አይፈልግም፣ ልጦ መለጠፍ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን እወቁ። የእማዬ ፎቶ ራሱ ቴምብር አይደለም። ዋጋው የተጻፈበት፣ አበባ ያለበት እውነተኛው ቴምብር ከጎኑ አለ፣ የእሷ ፎቶ ያረፈው ከእሱ ጋር በተያያዘው ቁራጭ ላይ ነው። ይህን ዓይነቱን አውስትራሊያ የጀመረችው በፈረንጆቹ 1999 ሜልቦርን ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የቴምብር ኤግዚቢሽን ነው፣ ከዚያ ብዙ አገሮች ተከተሏት። አሜሪካኖቹ ደግሞ በፈረንጆቹ 2004 ሌላ ዓይነት ጀምረው ነበር፣ የግል ኩባንያዎች የሰውን ፎቶ ከመላኪያው ክፍያ ጋር አብረው የሚያትሙበት። በ2020 አቆሙት። ስለዚህ ዘመዳችሁ ያለበት አገር አገልግሎቱ መኖሩን መጀመሪያ ይጠይቅላችሁ።

እኔን በጣም የነካኝ ሌላ ነገር ነው። የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች በ1886 ዓ.ም. ፓሪስ ታትመው ሲመጡ ሰባት ነበሩ። በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡት አራቱ ላይ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ መልክ ነው፣ ሦስቱ ላይ ደግሞ ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ። መልኩን የቀረጸው ሙሾን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። ምኒልክ የተወለዱት አንጎለላ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይርቅም፣ እኛ ሰፈር በሉት። ያኔ ቴምብር ላይ ለመውጣት ንጉሠ ነገሥት መሆን ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ገብስ ስታጭድና ለባና ሱፍ ስትፈትል የኖረች የመንዝ እናት ፊቷ ፖስታ ላይ ሆኖ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። ይህን ሳስብ ደረቴ ይሞላል።

ቅር ያለኝም አለ። የመጀመሪያው ፖስታ ሲመጣ ማኅተሙ በጉንጯ ላይ ጥቁር መስመር አስምሮ አልፎ ነበር። ያንን ፖስታ መንዝ ይዤላት ስሄድ እማዬ በጣቷ እየዳበሰች «ምነው ፊቴን ጥላሸት ቀቡኝ?» አለችኝ። ማኅተም ግዴታ እንደሆነ፣ ቴምብሩ ሁለተኛ እንዳይሠራ እንደሚመታ አስረዳኋት፣ ግን ደስ አላላትም። ከዚያ በኋላ እህቴ ፖስታውን ሳጥን ውስጥ መጨመር ትታ ፖስታ ቤቱ መስኮት ጋ እየሄደች በእጅ እንዲመቱላት፣ አበባው ላይ ብቻ እንዲያሳርፉላት ትጠይቃለች። እሺ ይሏታል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ፖስታ ንጹሕ ሆነው ደረሱ።

ዋጋው ከተራው ቴምብር ይበልጣል፣ ለዕለት ተዕለት ደብዳቤ አይመከርም። ለሠርግ ጥሪ፣ ለክርስትና፣ ለወላጅ ግን ይገባዋል ባይ ነኝ። የአርቲስት ወይም የኳስ ተጫዋች ፎቶ አትላኩ፣ የራሳችሁ ያልሆነና መብቱ የሌላችሁ ምስል ይመለስባችኋል። ደግሞ ቴምብሩ የሚያገለግለው ባወጣው አገር ብቻ ነው። እህቴ ስድስት ያህል ልካልኝ ነበር፣ ከዚህ ወደ እሷ ልለጥፋቸው ብል አይሠሩም። አንዱን ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ ሌሎቹን አክስቶቼ ተከፋፈሏቸው።

እማዬ ሦስቱንም ፖስታ ሙዳይዋ ውስጥ አስቀምጣለች። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ በመጣ ቁጥር ታወጣቸዋለች። «እኔ ከመንዝ ሳልወጣ ፊቴ ስንቱን አገር አየ» ትላለች።

አሁን የቀሩት አባባ ናቸው። ባርኖሴን አላወልቅም ብለዋል፣ እኔም አላስወልቃቸውም። በሚቀጥለው ስሄድ ጠዋት ፀሐይ ላይ ከግድግዳው አርቄ፣ ፊታቸውን ብቻ ከቅርብ አነሳቸዋለሁ።