ውሻችሁ ከተለወጠባችሁ ይህን ልጅ ጥሩት

ይህን ስለ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም የምጽፈው ከደስታዬ ብዛት ነው። ትንሽ ቢረዝም ታገሱኝ።

ቡቺ የአንድ ዓመት ከሦስት ወር ውሻ ነው። ቤታችን ግንፍሌ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ቡቺን የሚያውቀው በጩኸቱ ነበር። ቆራሌው ገና ከታች ሲጣራ ሰምቶ በር ላይ ይጠብቀዋል። ከጥምቀት በኋላ ግን ዝም አለ። ቆራሌው በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ጆሮውን እንኳ አያነሳም። ከሥጋ ቤት ያመጣሁለትን ልፋጭ አሽትቶ ይተወዋል። ቀኑን ሙሉ ባዶው የዘበኛ ቤት ደጃፍ ላይ ተኝቶ ይውላል። አንድ ቀን ልዳብሰው ስጠጋ አጉረመረመብኝ። ቡቺ እኮ ነው! አለቀስኩ።

ከዚያማ መንከራተት ሆነ። መጀመሪያ የወሰድኩት ቦታ ያለው ሰውዬ በቅጡ እንኳ ሳያየው መርፌ ወጋው። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ቫይታሚን» አለኝ። ፈጣን የሆነው ገንዘቡን ሲቀበል ብቻ ነው። ሁለተኛው ባሰ። ማጉረምረሙን ስነግረው ከተቀመጠበት ሳይነሳ «ይሄ አብዷል፣ አስወግጂው» አለኝ። እንደ ተሰበረ ወንበር! የክትባት ካርዱን በእጄ ይዣለሁ፤ ዞር ብሎ አላየውም። ወሬው ሰፈር ገባ፤ ጎረቤቶች ልጆቻቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። አልፈርድባቸውም፣ በእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ የለም። እማዬ ደግሞ በሌላ በኩል «ለውሻ ደግሞ ምን ጭንቀት አለበት?» ትላለች።

ይህን ዶክተር ያገኘሁት በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ፒያሳ አካባቢ ይሠራል፤ ቤት ድረስም ይመጣል። ገና ወጣት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ሳየው ተስፋ ቆርጬ ነበር።

ግቢ ሲገባ ወደ ቡቺ አልሄደም። ራቅ ብሎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። በንጹሕ ሱሪው፣ ያውም አቧራው ላይ! ጎኑን ሰጥቶት ከእማዬ ጋር ስለ ቡና ዋጋ ያወራል። ወንበር ላምጣ ስለው «ተይው» አለኝ። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲያው ተቀመጠ። ቡቺ ራሱ ተነስቶ መጣና ጫማውን አሸተተው። ከዚያ ነው እጁን የሰደደው። ድዱን አየ፤ ጆሮውን፣ ሆዱን፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ደም ወሰደ። የምርመራውን ስም ነግሮኝ ነበር፣ አልያዝኩትም። የያዝኩት ይህን ነው፦ «ከፍቶታል ከማለታችን በፊት አሞት እንዳልሆነ እንወቅ» አለ። የታመመ ውሻም ይሸሻል፣ ያጉረመርማል።

ካርዱን አንብቦ ክትባቱ ጊዜው እንዳላለፈ አየ። «እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?» አለኝ። ሦስት ሳምንት አልፎታል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ እንደሚሞት አስረዳኝ። ለጎረቤቶቼም በር ላይ ቆሞ የነገራቸው እሱ ራሱ ነው። ከዚያ ዞር አለና «ከዚህ ቤት ማን ጎደለ?» ብሎ ጠየቀ።

እኔና እማዬ ተያየን። አባባ የምንላቸው ዘበኛችን ዐይናቸው ሲደክም፣ በጥምቀት ማግሥት፣ ሀገራቸው ሰላሌ ገብተዋል። ቡቺን ከሁለት ወሩ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ሌሊት የሚያድረው እግራቸው ሥር ነበር። እኛ አልቅሰን ሸኘናቸው፣ ውሻውን ማን አስታወሰው!

«ልብሳቸው አለ?» የተዉት ጋቢ ነበር፤ አጥቤዋለሁ። በኦሞ፣ ሁለት ጊዜ። ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ሌላስ?» አለ። ከቆርቆሮው ጀርባ አሮጌ በረባሶ ተገኘ። ቡቺ አፍንጫውን እዚያ ውስጥ ከትቶ ረጅም ጊዜ ቆየ። ከዚያ አገጩን አስደግፎበት ተኛ። እማዬ በነጠላዋ ዐይኗን ጠረገች። ከዚያ ወዲህ ስለ ውሻ ጭንቀት አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

የደሙ ውጤት ደህና ሆነ። መድኃኒት አላዘዘም። ምግቡም ሽርሽሩም በሰዓቱ ይሁን፣ ሲያጉረመርም አትቆጪው፣ ሲሸሽ አትከተዪው፣ ራሱ ሲመጣ ተጫወቺ አለኝ። የሰው ማስታገሻ እንዳልሰጠውም አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፤ አይቡፕሮፌን ውሻን ሊገድል ይችላል። (ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አልነገርኩትም።) ጠዋት ጠዋት ወደ አራት ኪሎ ይዤው መውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምጎትተው፤ ሐውልቱ ጋ ሳንደርስ ቁጭ ይላል። በሦስተኛው ሳምንት እሱ ይጎትተኝ ጀመር።

ዶክተሩ በየሳምንቱ ራሱ እየደወለ «ቡቺ በላ?» ይለኝ ነበር። ለሁለተኛ ጊዜ መጥቶ ሲያየው ገንዘብ አልቀበልም አለ፤ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሰው አለ!

ውሻ ያላችሁ ሁሉ፣ ድንገት ከተለወጠባችሁ «ሰነፈ»፣ «አበደ» ሳትሉ ይህን ልጅ ጥሩት። በእውነት ጥሩት። ስሙን አደባባይ እንዳላወጣ ለምኖኛልና ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልኩን እልክላችኋለሁ። ዶክተር፣ እጅህ ይባረክ። ትናንት ቆራሌው ሲያልፍ ቡቺ ግቢውን በጩኸት አናወጠው፤ ጎረቤታችን «ደግሞ ጀመረው!» ብላ በሯን ዘጋች።

እሑድ ጠዋት ብቻ አትደውሉለት። ቅዳሴ ላይ ነው፣ አያነሳም።