ፋሚሊሰርች፦ በቅኝ ግዛት ዘመን ፔንሲልቫኒያ የገባን ጀርመናዊ ገበሬ ዱካ ለመከተል

የባለቤቴ የእናት ወገን በ18ኛው መቶ ዘመን ከጀርመን ተነሥቶ ፔንሲልቫኒያ የሰፈረ የገበሬ ቤተሰብ ነው። የዘር ሐረጉን ለማጥናት ከተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች ሁሉ አብዝቼ የምመለስበት ፋሚሊሰርች የተባለው ድረ ገጽ ነው። ድረ ገጹን የሚያስተዳድረው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በማይክሮፊልም (የሰነዶች ፎቶ በትንሹ በሚነሣበት ጥቅል ፊልም) ሲሰበሰብ የኖረውን ከ2 ሚሊዮን በላይ ጥቅል በ2021 ወደ ዲጂታል ምስል ለውጦ አጠናቋል። ተመዝግቦ መጠቀም ነፃ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው ድረ ገጹን እንደከፈተ የሚሄደው ተዘጋጅቶ ወደሚጠብቀው የጋራ የዘር ሐረግ ነው፤ በእኔ ግምት ግን የአገልግሎቱ እውነተኛ ሀብት ያለው በካውንቲ፣ ማለትም ከግዛት በታች ባለ የአስተዳደር ክፍል፣ መዝገቦች ምስሎች ውስጥ ነው።

የጋራው የዘር ሐረግ ማንኛውም ተመዝጋቢ ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል ነው። ይህ አሠራር መዝገብ በበዛበት በ20ኛው መቶ ዘመን ላይ ጥሩ ይሠራል፤ ወደ ጀርመን ሰፋሪዎች ዘመን ሲደርስ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በእነዚያ ቤተሰቦች ዘንድ ወንድሞች ሁሉ ዮሐን ተብለው ክርስትና ሊነሡ ይችሉ ነበር፤ በየዕለቱ የሚጠሩት ግን በሁለተኛው ስማቸው ነው። ስለዚህ ዮሐን ጃኮብና ዮሐን ጆርጅ ጃኮብና ጆርጅ ተብለው መሬት ይገዛሉ፣ ግብር ይከፍላሉ። በዚያ ላይ ሽናይደር ስናይደር፣ ሙለር ሚለር፣ ዚመርማን ደግሞ አንዳንዴ ካርፔንተር እየሆነ ስለሚጻፍ፣ በአንድ ወረዳ የኖሩ ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ሰው ተቆጥረው የአንዱ ልጆች ለሌላው መሰጠታቸው አያስደንቅም። የዘር ሐረጉን እንደ ፍንጭ መውሰድ፣ ከሥሩ ምንጭ ያልተጠቀሰበትን የወላጅና የልጅ ትስስር ደግሞ እስኪረጋገጥ ድረስ አለመቀበል ይገባል።

ገበሬ በመዝገብ ላይ ስሙን የሚተወው መሬት ሲገዛና ሲሸጥ፣ ሲሞትም ንብረቱን ሲያወርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1790 የተካሄደው የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ እንኳ በስም የሚጠቅሰው የቤቱን ኃላፊ ብቻ ስለሆነ፣ ሚስትንና ልጆችን ለማግኘት ኑዛዜና የመሬት ውል ማንበብ ግድ ይላል። ፋሚሊሰርች በ2024 ይፋ ያደረገው የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ይህን ሥራ ከመሠረቱ ለውጦታል። ኮምፒዩተሩ የእጅ ጽሑፉን ራሱ አንብቦ ስለሚፈልግ፣ ማውጫ ላይ የሚወጡት ሻጭና ገዥ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ ምስክሩ፣ አዋሳኙ ባለመሬትና የሟች አማች ሁሉ ይገኛሉ። እዚያው ኑዛዜ ውስጥ አባትየው እርሻውን ለሚረከበው ልጁ የጣለበትን ግዴታ ማንበብ ይቻላል፦ ለመበለቲቱ በዓመት ይህን ያህል ስንዴ፣ አንዲት ላም ከነቀለቧ፣ ተፈልጦ ደጃፏ ድረስ የሚመጣ ማገዶ፣ በቤቱም ውስጥ የራሷ ክፍል። እንዲህ ያለ ገጽ አንድ ጊዜ ያነበበ ሰው ለባዶ የስምና የዓመት ሰንጠረዥ ያለው ስሜት መቀየሩ አይቀርም። ፍለጋው የጀርመን ስሞችን አዛብቶ የሚያነብበት ጊዜ ስላለ፣ የስሙን ልዩ ልዩ አጻጻፎች እየቀያየሩ መሞከር፣ አጠራጣሪ ፊደላትንም በኮከብ ምልክት መተካት ይበጃል።

የካውንቲዎቹን ታሪክ ሳያውቁ መፈለግ ግን ድካም ነው። ላንካስተር ከቼስተር ተከፍሎ ካውንቲ የሆነው በ1729 ሲሆን፣ በርክስ ደግሞ በ1752 ተቋቁሟል፤ ስለዚህ ከእርሻው ንቅንቅ ያላለ ቤተሰብ በተለያዩ ካውንቲዎች መዝገብ ውስጥ ይገኛል። ከዚህ ሌላ የካውንቲው የውል መዝገብ የማይነግረን ነገር አለ። የቅኝ ግዛቱ ባለቤት ከነበረው ከፔን ቤተሰብ ላይ በቀጥታ የተገዛ መሬት በመጀመሪያ እንዲቀየስ የሚያዝ ማዘዣ፣ ቀጥሎ የቅየሳ ሰነድ፣ በመጨረሻም የባለቤትነት ማረጋገጫ ይወጣለት ነበር፤ እነዚህ ሰነዶች የሚገኙት ሃሪስበርግ ባለው የፔንሲልቫኒያ ግዛት ቤተ መዛግብት ሲሆን፣ ተቋሙ የማዘዣ መዝገቦቹን በድረ ገጹ ላይ በነፃ አውጥቷቸዋል። ፋሚሊሰርችንና የቤተ መዛግብቱን ድረ ገጽ ጎን ለጎን ከፍቶ መሥራት የግድ ነው።

ከ1727 ጀምሮ ፊላዴልፊያ የገቡ ጀርመናውያን ለእንግሊዝ ንጉሥ ታማኝነታቸውን በመሐላ እንዲያረጋግጡ ይደረግ ስለነበር፣ ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች ፊርማ በመሐላው ዝርዝሮች ላይ ይገኛል። መጻፍ የማይችለው ሰው በስሙና በአባቱ መጠሪያ መካከል ምልክቱን ሲያደርግ፣ ስሙን የሚጽፍለት ጸሐፊው ነበር። እንግዲህ ፊርማው የራሱ ከሆነ የስሙን ትክክለኛ አጻጻፍ እናገኛለን፤ ምልክት ብቻ ከሆነ ግን የምናነበው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጸሐፊ የሰማውን ነው። ይህን ልዩነት ለማየት የታተመው ዝርዝር አይበቃም፣ የፊርማውን ምስል መመልከት ያስፈልጋል።

በአገልግሎቱ ላይ የማነሣው ቅሬታ በመዝገቦቹ አከፋፈት ላይ ነው። አንዳንድ ምስሎች ከቤት ሆነው አይከፈቱም፤ ከመዝገቡ ባለቤቶች ጋር በተደረገ ስምምነት ምክንያት ወደ ፋሚሊሰርች ማእከል ወይም ወደ ተባባሪ ቤተ መጻሕፍት መሄድን ይጠይቃሉ። በርካታ መዝገቦች ደግሞ በስም ፍለጋ አይገኙም፤ በካታሎጉ በኩል በካውንቲው ስም ገብቶ ገጽ በገጽ መግለጥ ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ለጀማሪ በግልጽ አለመመልከቱ ያሳዝነኛል፤ ከሁሉ የሚጠቅመው መዝገብ ብዙ ጊዜ ያለው እዚያ ነውና።

ባሕሩን ተሻግሮ ጀርመን ለመግባት የትውልድ መንደሩን ስም ማወቅ ይቀድማል፤ ፕፋልዝ ወይም ቩርተምበርግ ብሎ የጀርመንን ሰፊ አውራጃ መጥቀስ ብቻ የትም አያደርስም። የጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትን መዝገቦች በክፍያ የሚያቀርበው አርኪዮንም የሚጠቅመው መንደሩ ከታወቀ በኋላ ነው። መንደሩን ደግሞ በፔንሲልቫኒያ በነበሩ የሉተራንና የሪፎርምድ (የካልቪን ትምህርት የሚከተሉ) አብያተ ክርስቲያናት የቀብር መዝገቦች ውስጥ መፈለግ ይሻላል፤ አንዳንድ ፓስተሮች ሟቹ የት እንደተወለደ ይጽፉ ነበር። እዚያ ካልተገኘ የጥምቀት መዝገቡን ከፍቶ ክርስትና አባትና ክርስትና እናት ሆነው የቆሙትን ሰዎች መከታተል ነው፤ ብዙ ጊዜ ዘመድ ወይም የአንድ መንደር ሰዎች ስለሚሆኑ፣ የእነርሱ መንደር ከተገኘ የቤተሰቡንም የማግኘት ዕድል ይሰፋል።